ከማባበያው በፊት መንጠቆው

የባሕር ዳር ልጅ ሆኖ መንጠቆ ወርውሮ የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጓሮ የምድር ትል ቆፍረን፣ በቆርቆሮ ይዘን፣ ዱላ ላይ የናይለን ክር አስረን ጣና ዳር መዋል የልጅነት ሥራችን ነበር። ለአምባዛ ትል ወይም የሥጋ ቁራጭ፣ ለቆሮሶ ደግሞ ሊጥ። ዕውቀታችን ይህችው ናት፤ ዓሣ ሲርበው ይበላል፣ ሲበላ ይያዛል። ወደዚህ ትምህርት ክፍል ስገባም «ሌላው ቢቀር ስለ ዓሣ አላንስም» የሚል ትምክህት ነበረኝ። ይህ ትምክህት የተሰበረው በክፍል ውስጥ ሳይሆን በሲያትል ከተማ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ነው። ለዛሬው ጽሑፌም መነሻ የሆነኝ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአጎቴ ልጅ ስታገባ እኔና እናቴ ለሰርጉ ተጠርተን ሄድን። አጎቴን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥቶ፣ ሲያትል ገብቶ፣ ብዙ ዓመት ታክሲ ነድቷል። ሰርጉ አልፎ እንግዳው ሲበተን «አንተ ልጅ፣ ዓሣ ነው አይደል የምትማረው? በል ተነሥ» አለና የሦስት ቀን የማጥመድ ፈቃድ ገዛልኝ። እዚያ አገር ያለ ፈቃድ መንጠቆ ውሃ ውስጥ አይገባም። የያዝከውን ሳልመንም ወዲያው በተሰጠህ ካርድ ላይ መመዝገብ አለብህ።

ጊዜው ነሐሴ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2023። ሮዝ ሳልመን የሚባለው ዓሣ በዚያ አካባቢ በብዛት የሚመጣው በጎዶሎ ቁጥር ዓመት ስለሆነ ዕድለኞች ነበርን። የሄድነው ሊንከን ፓርክ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ነው። ማለዳ ላይ ሰዉ በጠጠሩ ላይ ተደርድሮ ይወረውራል፤ ቬትናሙ፣ ሩሲያዊው፣ የኛም ሰው አይጠፋም።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ «ማባበያህን ራስህ ምረጥ» አለኝ። እኔም ያለ ምንም ማመንታት ትል መረጥሁ። ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ሞክረው፤ ስትጨርስ እንነጋገራለን» አለ። እስከ ቀትር ድረስ ከአንዲት እሾሃም፣ የእጅ መዳፍ ከማታክል ዓሣ በቀር የነካኝ የለም። ሳልመኖቹ ግን ዓይኔ እያየ ከውሃው እየዘለሉ ይወድቁ ነበር። ዓሣው ሞልቶ አለመያዝ እንዴት እንደሚያበሽቅ የደረሰበት ያውቀዋል።

ከሰዓት በኋላ ባላርድ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደኝ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1917 የተመረቀ፣ መርከቦችን ከባሕሩ ወደ ሐይቁ ከፍ እያደረገ የሚያሳልፍ የውሃ በር አለ። ከጎኑ ለዓሣ የተሠራ ደረጃ አለ፤ በመስተዋት መስኮት በኩል ሳልመኖቹ ወደ ተወለዱበት ውሃ ሲወጡ ቆመህ ታያለህ። ሳልመን በወንዝ ይፈለፈላል፣ በባሕር ያድጋል፣ ለመራባት ወደ ወንዙ ይመለሳል። ወደ ወንዙ ሲቃረብ ምግብ እየተወ ይመጣል፤ ወንዝ ከገባ በኋላ ጨርሶ ያቆማል፣ ሆዱም ይጨማደዳል። የቀረውን መንገድ የሚጓዘው በሰውነቱ ባከማቸው ስብ ነው። ይህን በክፍል ተምሬዋለሁ፣ በፈተናም መልሼዋለሁ። ትሉን መንጠቆ ላይ ስሰካ ግን ትዝ አላለኝም!

ጋሼ በራሱ ቋንቋ አስረዳኝ። «ጾመኛ ነው። ጾመኛን በክትፎ አታባብለውም» አለ። «ታዲያ በምን ነው ጋሼ?» ስለው «በማናደድ» አለኝ።

እኔም የሆነ ነገር ለማለት ያህል «እንደ እርስዎ ነው እኮ፤ አገሩን አይረሳም» አልሁት። ጋሼ ግን አልወደደውም። «እሱ የሚመለሰው ሊሞት ነው። እኔን ከሱ ጋር አታመሳስለኝ» ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። እውነቱን ነው፤ የፓስፊክ ሳልመን ከተራባ በኋላ በሕይወት አይተርፍም።

በሁለተኛው ቀን ትሉ ቀረ። ጋሼ ከሣጥኑ ሠላሳ ግራም ያህል የምትመዝን፣ ሮዝ ቀለም የተቀባች የብረት ዓሣ አወጣ። ከሥሯ በአጭር ክር የታሰረ መንጠቆ አለ፤ መንጠቆው ላይ ደግሞ እንደ ጭራ የተንዘረፈፈ ሮዝ ፕላስቲክ። አሠራሩን ነገረኝ፦ አርቀህ ትወረውራለህ፣ ትንሽ እንድትሰምጥ ትተዋለህ፣ ከዚያ ዘንጉን ቆንጠር ቆንጠር እያደረግህ ትስባለህ። ብረቷ ከፍ ስትል ትንቀጠቀጣለች፣ ስትለቃት እየተወዛወዘች ትወርዳለች። ዓሣው ብዙ ጊዜ የሚነካት ስትወርድ ነውና ክሩ መላላት የለበትም። ክብደቷ ለወጉ አይደለም፤ ከቀለለች ዓሣው ወዳለበት አትደርስም፣ ከከበደች ከታች ድንጋይ ትይዛለች። በዚያ ቀን ሁለት ሮዝ ሳልመን ያዝሁ፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ኪሎ ይሆናሉ። ሦስተኛው እግሬ ሥር ከደረሰ በኋላ ከመንጠቆው ሾልኮ አመለጠኝ። ይቺ ሦስተኛ ዓሣ ናት ጣጣ ያመጣችብኝ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ «ዛሬ ደግሞ ገና ጾም ላልያዘው እንሥራ» አለ። ለቺኑክ ማለቱ ነው፤ ከሳልመን ዝርያዎች ትልቁ። ቺኑክ ባሕር ውስጥ እስካለ ድረስ ሄሪንግ የምትባል ትንሽ ዓሣ ያሳድዳል። ጋሼ ማታውን ሄሪንጎቹን በጨው ነስንሶ አሳድሯቸዋል፤ ጨው ሥጋውን ያጠነክረዋል፣ ከመንጠቆ ላይም ቶሎ አይፈርስም። ጠዋት ጭንቅላታቸውን ቀጥ አድርጎ ሳይሆን በሰያፍ ቆረጠ። ሰያፉ ነው ሚስጥሩ፤ ውሃ ውስጥ ሲጎተት ሄሪንጉ እንደ ቆሰለ ዓሣ ይሽከረከራል። በአንድ ክር ላይ ሁለት መንጠቆ ይታሰራል፣ ከላይ እርሳስ፣ ከእርሳሱ በላይ ተንሳፋፊ።

ከዚያ ፒንሳ ሰጠኝ። «እሾኋን ጨፍልቃት» አለ። ከመንጠቆው ጫፍ ትንሽ ገባ ብላ ወደ ኋላ የምትመለስ እሾህ አለች፤ ዓሣው እንዳይሾልክ የምትይዘው እሷ ናት። በዚያ ባሕር ሳልመን የሚያዘው እሾህ በሌለው መንጠቆ ብቻ ነው፤ ሕግ ነው። አንደኛውን መንጠቆ ጨፈለቅሁ። ሁለተኛው ላይ ስደርስ የትናንቷ ዓሣ ትዝ አለችኝ። ጋሼን ዞር ብዬ አየሁት፣ ክር እየቋጠረ ነው። ሄሪንጉን ከላዩ ሰካሁበትና ዝም አልሁ።

ረፋድ ላይ ተንሳፋፊው ጠፋ። ሩብ ሰዓት ያህል ታገልሁ፤ እንዲህ ያለ ጉልበት በጣና አጋጥሞኝ አያውቅም። ዳር ስትደርስ ጋሼ ጫማውን ሳያወልቅ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብሎ አየና «ክንፍ አላት፤ ከውሃ እንዳታወጣት» አለ።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳ። በሳልመን ጀርባ ላይ፣ ከጭራው ቀደም ብሎ፣ ትንሽ የስብ ክንፍ አለች። በማራቢያ ጣቢያ የተፈለፈለ ዓሣ ብዙውን ጊዜ ይህቺ ክንፍ ተቆርጣ ነው የሚለቀቀው። ክንፏ ካለች በወንዝ በራሱ የተራባ ነው ተብሎ ይታሰባል። የዚያ አካባቢ ቺኑክ እ.ኤ.አ. በ1999 ለመጥፋት ከተቃረቡ ዝርያዎች መዝገብ ገብቷል፤ በዚያ ዳርቻም ክንፍ ያለውን መውሰድ የተከለከለ ነበር።

ሄሪንጉን ውጣዋለች። መንጠቆው ጉሮሮዋ ውስጥ፣ ከስንጥቧ ሥር ነው የተሰካው። እሾሁ ቢኖርም ባይኖርም ያን ያህል ጠልቆ የገባ መንጠቆ ያደማል፤ እሾህ የሌለው ግን ወለቅ ይል ነበር። ጋሼ ቀስ ብሎ ሞከረ፣ እንቢ አለው። ክሩን ከአፏ አጠገብ ቆረጠና በሁለት እጁ ደግፎ ውሃው በስንጥቧ እንዲያልፍ ያዛት። ደሙ እየወጣ ነበር። ሲለቃት ጥቂት ዋኘችና በጎኗ ተገለበጠች። ሞገዱ ወደ ደቡብ ወሰዳት።

ጋሼ አልጮኸብኝም። «አልጨፈለቅኻትም» ብቻ አለ። መኪናው ውስጥ ከገባን በኋላ ነው የቀረውን የተናገረው። «ወስደን ብንበላት እንኳ አንድ ነገር ነበር። ሕጉ አይፈቅድም፣ አትበላም፤ በአንተ ምክንያት ደግሞ አትወልድም።» እኔ መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

ከተመለስሁ በኋላ ከክፍላችን ልጆች ጋር ለመስክ ሥራ ወደ ጉማራ ወርደን ነበር፤ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ሲኬድ መንገዱ የሚሻገረው ወንዝ ማለት ነው። እንደምታውቁት በጣና 15 ያህል በሌላ ቦታ የማይገኙ የላቤዮባርበስ ዝርያዎች አሉ፤ ከእነዚህ የተወሰኑት በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። በሐይቁ ላይ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ሲጀመር የብዙ ሰው ኑሮ ተቀይሯል። ነገር ግን መረቡ ወንዝ አፍ ላይ ተዘርግቶ እንቁላል የያዙትን ሲጠብቅ ዓሣው መመናመኑ ከ1990ዎቹ ጀምሮ በጥናት የታየ ነገር ነው። እኛም በሄድንበት ቀን መረብ ተዘርግቶ አይተናል።

ጓደኛዬ ሰዎቹን ሊወቅስ ሲነሣ አፌ አልታዘዘልኝም። እነሱ ልጅ የሚያሳድጉበት ነው፤ እኔ ሲያትል ላይ ያደረግሁት ለመዝናናት ነበር። ደግሞም እነሱ ሊሸጡት ነው የያዙት፤ እኔ ግን ለማንም ሳትሆን ነው የገደልኋት።

ድሮ ማባበያ ስመርጥ የምጠይቀው «ምን ይበላል?» ብቻ ነበር። በሦስቱ ቀናት ሁለት ጥያቄ ጨመርሁ። አንደኛው «አሁን የሚበላበት ጊዜ ነው ወይ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ግን ይበልጣል፤ «ያልፈለግሁት ቢመጣ በደኅና መልቀቅ እችላለሁ ወይ?» የሚል። ሰያፍ የተቆረጠ ሄሪንግ፣ የብረት ዓሣ፣ የመረብ ቀዳዳ ስፋት፣ መረብ የሚዘረጋበት ወርና ቦታ፣ ሁሉም ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊኖራቸው ይገባል። መረብ በመጠን ይመርጥ ይሆናል እንጂ እንቁላል የያዘችውን ከሌላዋ አይለይም። ስለዚህ መምረጥ ያለበት የሚዘረጋው ሰው ነው፤ እሱም ሳይራብ እንዲመርጥ ማገዝ ደግሞ የኛ የተማርነው ሥራ ይመስለኛል። የኛ ዓሣ እንደ ሳልመን አንዴ ተራብቶ አይሞትም፤ ካልያዝነው ወደ ሐይቁ ተመልሶ ለከርሞም ይመጣል። ይህ ዕድል ነው።

ጋሼ በየበዓሉ ይደውላል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ «ፒንሳህ አለ?» ይለኛል። «አለ ጋሼ» እለዋለሁ።

ቸር ይግጠመን!