የባሕር ዱቄት

ጅቡቲ፣ 2016 ዓ.ም.

ሰኔ 3፣ ሰኞ
ንጋት 11 ሰዓት ተኩል። ሲየስታ ባሕር ዳርቻ ወረድኩ። ባሕሩ ሸሽቷል፤ ጭቃውን ረግጬ ባለ 10 ሊትሯን ጄሪካን ሞላሁ። ዘበኛው ምን ልትሠራበት ነው አለኝ። ዱቄት አልኩት። ሳቀ። በአንድ ሊትር ባሕር 1.3 ግራም ገደማ ማግኒዥየም አለ።

ምድጃዬ ከ600 ዲግሪ አያልፍም፣ ክሩ ደክሟል። ሌላው ዱቄት ከዱቄት ቀላቅሎ ከ1,000 በላይ ያነዳል። ውሃ ውስጥ ተዋሕዶ የወረደ ነገር ግን ያን ያህል እሳት አይጠይቅም። ማግኒዥየም ሃይድሮክሳይድ 350 አካባቢ ውሃውን ለቅቆ ማግኒዢያ ይሆናል። ፔቺኒ በ1967 ፓተንት ያወጣበት የሲትሪክ አሲድ ዘዴም ነበር። ለእሱ የሚያስፈልገውን ግላይኮል ግን ከየት አምጥቼ።

ሰኔ 4
ኮስቲክ ሶዳውን ጠብ ጠብ። ባልዲው ወተት፣ ቆይቶ አጥሚት። ጨርቁ ተደፈነ። በአራት ሰዓት ግማሽ ብርጭቆ አልወረደም። የካምሲን ነፋስ መስኮቱን ሲደበድብ ዋለ። አቧራ ሳይገባበት አይቀርም።

ሰኔ 6
ማጠብ። ስድስተኛ። ሰባተኛ። ስምንተኛ። ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ሳደርግበት አሁንም ይነጣል። ጨው አልለቀቀም። ወገቤ።

ሰኔ 7
ቂል ነኝ። የቧንቧውን ውሃ ብቻውን ሞከርኩት። ነጣ። ጨውን በጨው ሳጥብ ሰንብቻለሁ። ሻዩ የሚጎመዝዘኝ ለካ በዚህ ነው።

ማታ የግቢያችን እትዬ በበሩ ብቅ አሉ፤ «ልጄ፣ የኤሲው ባልዲ ሞልቷል፣ ድፋልኝ።» ባልዲውን ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሰኔ 9፣ እሑድ
ዒድ። ግቢው ሁሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። የኤሲው ውሃ ሲልቨር ናይትሬት ጠብ ቢደረግበትም ጥርት እንዳለ ነው። አራት እጥበት በቃ። ሌሊት አላስተኛ የሚለን ወበቅ በቀን አንድ ባልዲ የተጣራ ውሃ ይሰጣል። እትዬ ባልዲያቸውን ለምን እንደምለምናቸው እስካሁን አልገባቸውም።

ሰኔ 12፣ ሚካኤል
ደረቀ። 24 ግራም። ሂሳቡ 31 ይል ነበር፤ ቀሪው ጨርቁ ላይና እጄ ላይ ነው። የአሳል ሐይቅ ውሃ ቢሆን፣ ጨውነቱ የባሕሩን አሥር እጥፍ ያህል ነውና፣ አንድ ሁለት ሊትር ይበቃኝ ነበር። መኪና የለኝም።

10 ግራም፣ 450 ዲግሪ፣ ሁለት ሰዓት። 6.5 ወጣ። ንጹሕ ቢሆን 6.9። በደንብ አልደረቀ ይሆን? ወይስ ካርቦኔት? ያልተቃጠለው ላይ ኮምጣጤ አንጠባጠብኩ። ትንሽ ፈላ። አስቀድሜ ከባሕሩ ውሃ ካርቦኔቱን በአሲድ በጋዝነት ማስወጣት ነበረብኝ።

ሰኔ 13
የተቃጠለውን ሳልከድን አድሬአለሁ። 7.1! በአንድ ሌሊት 0.6 ግራም አየር ጠጣ። በዝቅተኛ እሳት የወጣ ዱቄት ረቂቅ ነው፣ ያገኘውን ይስባል። የፈለግኩትም ይኼንኑ ነበር፤ የጅቡቲን ወበቅ ግን አላሰብኩትም። ከ1,500 በላይ የበሰለ ማግኒዢያ እንዲህ አያደርግም ነበር። ምድጃዬ ግን...

ደግሞ ማግኒዢያ ነው እያልኩ እጽፋለሁ እንጂ ኤክስሬይ ላይ ሳይታይ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ነጭ ነገር ነው።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ
የጅቡቲ የነጻነት በዓል። ባንዲራ በየበረንዳው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ጫት፣ ከዚያ ጸጥታ። ሁለተኛው ዙር፦ አሲድ፣ ማናፈስ፣ ሶዳ፣ የኤሲ ውሃ። ኮምጣጤው ዝም አለ። ከ10 ግራም 6.8። ሳይቀዘቅዝ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት፣ አፉን በሻማ ደፈንኩት።

ነገ በባቡር አዲስ አበባ ለሚሄደው ልጅ ኤክስሬይ ያሳይልኝ ብዬ ሰጠሁት። ኬላ ላይ ነጭ ዱቄት ምን ብሎ እንደሚያስረዳ እሱም እኔም አናውቅም። ወረቀት ለጠፍኩበት፦ «የባሕር ማግኒዢያ፣ 6.8 ግራም። እባካችሁ አትክፈቱት።»