የቪቴ ራስ ምን ይነግረናል?

በበዴሳ የብዙ ቤት በር ከእንጨት ነው። ዋንዛ ያለው ከዋንዛ ያሠራል። የሌለው ከባሕር ዛፍ ጣውላ ያሠራል። በሩን ከመቃኑ ጋር የሚያያይዘው ማጠፊያ ነው። ማጠፊያውን የሚይዘው ደግሞ ቪቴ ነው። ቪቴ ትንሽ ብረት ነው። ነገር ግን ቪቴው ከላላ ማጠፊያው ይላቀቃል፤ በሩም ይወድቃል። ያን ጊዜ በቆሎውም፣ ቦሎቄውም፣ ፍየሉም ጠባቂ የለውም።

ቪቴ ምስማር ይመስላል። ጫፉ ሹል ነው። ሰውነቱ ግን ጠመዝማዛ ጥርስ አለው። አንዳንድ ሰው ብሎን ይለዋል። ብሎን ግን ጫፉ ደነዝ ነው፤ የሚታሠረውም በዳዶ ነው። ቪቴ ዳዶ አይፈልግም። እንጨቱን ራሱን ነክሶ ይይዛል። "ቪቴ" እና "ካቻቪቴ" የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

እኔ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በክረምቱ እረፍት ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ አስተምራለሁ። ከተማሪዎቼ መካከል አንዲት እናት አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፤ "ልጄ፣ በሬን ካሠራሁ ገና ሁለት ወሩ ነው። አልዘጋም ብሎ አስቸገረኝ። እስቲ ናና እይልኝ።"

ሄጄ አየሁ። የላይኛው ማጠፊያ ከመቃኑ ተላቅቋል። ቪቴዎቹን በጣቴ ብስባቸው ወጡ። ካቻቪቴ እንኳ አላስፈለገም። ራሳቸው ላይ የመዶሻ ምልክት ነበር። አናጢው እንደ ምስማር መትቶ አስገብቷቸዋል።

ቪቴ በመዶሻ ሲመታ ጥርሱ እንጨቱን ይበጣጥሰዋል። ቀዳዳው ይሰፋል። የሚነከስ ነገር አይቀርም። ቪቴ ሲዞር ግን ጥርሱ ለራሱ መንገድ እየቆረጠ ይገባል፤ እንጨቱም ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል።

እናትየዋ ጠየቁኝ፤ "ታዲያ የትኛው ቪቴ ለየትኛው ሥራ እንደሆነ በምን ይታወቃል?"

"በራሱ ይታወቃል" አልኳቸው። በቪቴ ራስ ላይ ሁለት ነገር ይነበባል።

አንደኛው የራሱ ቅርጽ ነው። ከላይ ጠፍጣፋ፣ ከሥር እንደ ማንቆርቆሪያ እየጠበበ የሚሄድ ራስ አለ። ይህ እንጨት ውስጥ ወይም ማጠፊያ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል። የማጠፊያውን ቀዳዳ እዩ። አፉ ሰፍቶ ወደ ውስጥ ከጠበበ የሚስማማው ይህ ነው። ሌላው ከላይ ድቡልቡል፣ ከሥር ልሙጥ የሆነ ራስ ነው። ይህ አይሰምጥም፤ ከላይ ተቀምጦ ቆርቆሮን ወይም ስስ ብረትን ይጫናል። ድቡልቡሉን ማጠፊያ ላይ ብትጠቀሙበት የማጠፊያው ሁለት ክንፎች አይገጥሙም። በሩም አልዘጋ ይላል። ሦስተኛው ባለ ስድስት ጎን ራስ ነው። ለወፍራም አግዳሚ ይሆናል፤ የሚዞረውም በመፍቻ ነው።

ሁለተኛው በራሱ ላይ ያለው ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ የሚነግረን መሣሪያውን ነው። አንድ መስመር ብቻ ካለው በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ይዞራል። የካቻቪቴው ጫፍ ስንጥቁን መሙላት አለበት። ከጠበበ እየተንሸራተተ ስንጥቁን ይበላዋል። የመስቀል ቅርጽ ካለው በመስቀለኛ ካቻቪቴ ይዞራል። መስቀለኛውን በስፋት ያስተዋወቀው ሄንሪ ፊሊፕስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1928 ዓ.ም. (በ1936 እ.ኤ.አ.) ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ወደዱት። ምክንያቱም ካቻቪቴው ራሱ መሐሉን ያገኛል፤ እንደ አንድ መስመሩ ወደ ጎን አይንሸራተትም። ሆኖም ጫን ብላችሁ ካላዞራችሁት ሾልኮ ይወጣል። አሁን ስድስት ጫፍ ያለው ኮከብ የሚመስል ስንጥቅም አለ። እሱ የራሱን መሣሪያ ይፈልጋል።

ስንጥቁ አንድ ጊዜ ከተበላ ቪቴው አይገባም፣ አይወጣም። ስለዚህ ካቻቪቴ ስትገዙ አንድ ቪቴ ይዛችሁ ሂዱና ሞክሩት። በመስቀለኛ ካቻቪቴ ላይ 1፣ 2 ወይም 3 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ለቤት ሥራ በብዛት የሚያገለግለው 2 ቁጥር ነው። በቪቴው ካርቶን ላይም ቁጥር አለ። 4 በ40 ካለ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 40 ሚሊሜትር ነው። ቁጥር ማንበብ ችላችኋልና ባለሱቁን ሳትጠይቁ እናንተው አንብቡት።

የእናትየዋን በር ከጎረቤታቸው ጋር ሆነን አበጀነው። የሰፉትን ቀዳዳዎች በተጠረበ እንጨትና በኮላ ደፈንን። ኮላው ሲደርቅ ከቪቴው የቀጠነ ቀዳዳ በሳን። ባሕር ዛፍ ሳይበሳ ቪቴ ቢገባበት ይሰነጠቃል። የቪቴውን ጥርስ ሻማ ቀባን። ከዚያ ጠፍጣፋ ራስ ያላቸውን አዳዲስ ቪቴዎች እያዞርን አስገባን። እናትየዋ የመጨረሻውን ራሳቸው አዞሩት።

አንድ ነገር ቀረ። ጓጉንቸር የሚንጠለጠልበትን ብረት እዩ። በሩ ተዘግቶ ተቆልፎ ሳለ የቪቴዎቹ ራስ ከውጭ ይታያል? የሚታይ ከሆነ ጓጉንቸሩ ከንቱ ነው። ሌባ ቁልፉን መስበር የለበትም፤ በካቻቪቴ ፈትቶ ይገባል። ብረቱ ሲታጠፍ የቪቴዎቹን ራስ መሸፈን አለበት። የማይሸፍን ከሆነ ሌላ ግዙ፤ ወይም በብሎን አሳስራችሁ ዳዶውን በውስጥ በኩል አድርጉት፤ የብሎኑም ራስ ከውጭ ስንጥቅ የሌለው ድቡልቡል ይሁን።

ዛሬ ማታ በራችሁን ከመተኛታችሁ በፊት ከውጭ ሆናችሁ እዩት። አናጢ ስትቀጥሩም ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት የቪቴዎቹን ራስ ተመልከቱ። የመዶሻ ምልክት ካለበት አስወጥታችሁ እንደገና አሠሩት።