የፓውደሯ ነገር

ዛሬ ከፍቅርና ከቅናት ወሬ ትንሽ እንረፍና ከቦርሳችንም ከመስኮታችንም ስለማትጠፋው ነጭ ብናኝ እንጫወት። በኛ በወሎ አራስ ሊጠይቅ ከከተማ የሚመጣ ሰው ሳሙና፣ ቅባትና ፓውደር ካልያዘ ባዶ እጁን እንደ መጣ ይቆጠራል። ወልድያ ሱቅ ገብታችሁ «ቤቢ ጆንሰን አለ?» ማለት በቂ ነው። ሙቀቱ ሲጠና ደግሞ የሐብሩዋ መርሳ ውስጥ ፓውደር የሕፃን ብቻ አይደለችም። ልጃገረዷ ብብቷ ላይ፣ ሾፌሩም ጫማው ውስጥ ይነሰንሳታል።

ታዲያ ይህች ፓውደር አሜሪካ ውስጥ ስንቱን ፍርድ ቤት እንዳመላለሰች ታውቃላችሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። ታልክ ከመሬት የሚቆፈር ለስላሳ ማዕድን ነው። አስቤስቶስ የሚባለው ካንሰር አምጪ ማዕድንም አንዳንዴ እዚያው ድንጋይ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሚዙሪ ውስጥ የ22 ሴቶች ክስ ታየ፤ ሴቶቹን የእንቁልጢ (የኦቫሪ) ካንሰር ያስያዛቸው የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ፓውደር ነው የሚል ነበር። የተፈረደላቸው 4.69 ቢሊዮን ዶላር ነው! በ2020 በይግባኝ ወደ 2.1 ቢሊዮን ገደማ ዝቅ አለ፤ በ2021 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኩባንያውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። ኩባንያው ግን «ምርቴ ንጹሕ ነው፣ ካንሰር አያመጣም» ባይ ነው። ያም ሆኖ የታልኩን የሕፃን ፓውደር በ2020 አሜሪካና ካናዳ፣ በ2023 ደግሞ በመላው ዓለም መሸጥ አቁሞ ወደ በቆሎ ስታርች ዞሯል።

ይህን ወሬ መርሳ ላለችው አክስቴ ነገርኳት። ገላዋን በታጠበች ቁጥር ከሃያ ዓመት በላይ እታች ስትነሰንስ የኖረች ሴት ናት። ስኒዋን አስቀመጠችና «እንግዲያ መሞቻየን ነዋ በገንዘቤ ስገዛ የኖርሁት በይኛ!» አለችኝ።

«አብሽሪ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነበር፤ ማስፈራራትም እንዲሁ። እኔ የነገርኳት የሚታወቀውን ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2024 ታልክን «ካንሰር ሳያመጣ አይቀርም» ከሚላቸው ነገሮች ጎራ መድቦታል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ውስን መሆኑንም ተናግሯል። በ2020 የወጣና 250 ሺህ ያህል ሴቶችን ያካተተ ጥናት ደግሞ ቁርጥ ያለ ግንኙነት አላገኘም። ስለዚህ የነሰነሰች ሁሉ ትታመማለች ማለት ሐሰት ነው። ግን ያለሱ መኖር እየተቻለ በተጠረጠረ ነገር ምን አከራከረን? ከዛሬ ጀምረሽ ተይው፤ ሆድሽ ለሳምንታት ከተነፋ፣ ትንሽ ቀምሰሽ ከጠገብሽ፣ እምብርትሽ ሥር ካመመሽ ወይ ሽንት ቶሎ ቶሎ ካለሽ «ጨጓራ ነው» ብለሽ እንዳትቀመጪ፣ ሐኪም ዘንድ ሂጂ አልኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና ሁለተኛውን ቀዳች።

ልጇ ግን ነገረኛ ነው። «እኛስ መክሰስ አንችልም?» አለ። በሕግ ደረጃ በሩ ዝግ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2085፣ ዕቃ ሠርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው፣ ዕቃው በደንቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው ይላል። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም ስለ ካሣ ደንግጓል። ጣጣው ማስረጃው ላይ ነው። የትኛው ፓውደር? ከየትኛው ሱቅ? ደረሰኙስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ የካሣ ክስ የሚቀርበው ደግሞ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የሃያ ዓመት ፓውደር ደረሰኝ ያስቀመጠ ካለ እጁን ያውጣ!

እንግዲህ ወገኖቼ፣ እኛ ዘንድ ጥንቃቄው ከክሱ ይቀድማል። ስትገዙ ጀርባውን አንብቡ፤ በእንግሊዝኛ በአራት ፊደል የምትጻፈውን «ታልክ» ወይም «ታልከም» የሚለውን ካያችሁ መልሱት። የበቆሎውም ቢሆን ብናኝ ነው፤ ሕፃን ከሳበው ሳንባውን ይጎዳል። የሕፃን ገላ በንጹሕ ጨርቅ በደንብ ከደረቀ ይበቃዋል። አራስ ልትጠይቁ ስትሄዱ በፓውደሩ ፋንታ ለስላሳ ፎጣ ያዙ፤ እናትየዋም ትመርቃችኋለች።

ቸር ያገናኘን!