«አሁን ማቆም አልችልም!»፦ ልጆቻችንና የአምስት ለአምስት ጨዋታ

ይህን ቃል በቤታችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እዚህ ወልድያ፣ በቤታችን ውስጥ ከዓመት በላይ በየምሽቱ ሰምቼዋለሁ። እራት ቀርቧል፤ አባቱ እጁን ታጥቧል፤ ታናሽ እህቱ ቦታዋን ይዛለች። የ15 ዓመቱ ልጄ ግን የሶፋውን ጥግ ይዞ፣ በሁለት አውራ ጣቱ ስልኩን እየነካካ «ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ እማ! አሁን ማቆም አልችልም!» ይላል። ሁለቱ ደቂቃ አሥር ይሆናል፤ ወጡ ይቀዘቅዛል፤ የእኔ ድምፅ ደግሞ ከፍ እያለ ይሄዳል።

አንድ ቀን ትዕግሥቴ አለቀና ስልኩን ከእጁ ነጥቄ አጠፋሁት። በቀላሉ የማያለቅስ ልጅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እማ፣ አራቱን አስከዳሽኝ እኮ!» አለኝ። እኔ ግን «ምን አራት፣ ምን አምስት! ና እራትህን ብላ» ብዬ አለፍኩት። አራቱ እነማን እንደሆኑ ሳልጠይቀው መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለምን እንደሚቆጨኝ ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ። በቅድሚያ ግን ብዙዎቻችን ሳናውቀው የምንጣላውን ይህን ጨዋታ ላስተዋውቃችሁ።

ጨዋታው እንዴት ያለ ነው?

ልጄ የሚጫወተው ሞባይል ሌጀንድስ የሚባለውን ነው። ሙንቶን የተባለ የቻይና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 አወጣው፤ በ2021 ደግሞ የቲክቶክ ባለቤት የሆነው ባይትዳንስ ሙንቶንን ገዛው። የጨዋታው ዘር ግን ከዚያ በፊት ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2003 ዋርክራፍት 3 የተባለው የኮምፒዩተር ጌም ወዳጆች በጌሙ ላይ ራሳቸው አዲስ ሜዳ ሠሩና ዶታ አሉት። ከዚያ ሐሳብ በ2009 ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ፣ በ2013 ዶታ 2 ተወለዱ። ሞባይል ሌጀንድስ ያንኑ ሐሳብ ስልክ ላይ ያመጣ ነው። ሁሉም በነፃ ይጫናሉ።

በአንድ ጨዋታ አሥር ሰዎች አሉ፤ አምስት ለአምስት። ሁለቱ ቡድኖች በሜዳው ተቃራኒ ጥግ የየራሳቸው ዋና ሰፈር አላቸው። ሰፈሮቹን ሦስት መንገዶች ያገናኟቸዋል፤ በየመንገዱም የሚጠብቁ ማማዎች ቆመዋል። ማማዎቹን እየጣለ ሄዶ የባላጋራውን ሰፈር ቀድሞ ያፈረሰ ያሸንፋል። እያንዳንዱ ተጫዋች ከመቶ ከሚበልጡ ጀግኖች አንዱን ይመርጣል፤ ልጆቹ «ሄሮ» ይሏቸዋል። አንዱ ፊት ቆሞ የሁሉንም ዱላ ይቀበላል፤ ይህ «ታንክ» ይባላል። ሌላው ከሩቅ ይተኩሳል፤ ሌላው የቆሰለውን ያክማል። ብቻውን የሚሮጥ ይሞታል፤ ቡድኑንም ያሸንፋል ማለት ዘበት ነው።

እኔ የማላውቀው ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ነበር፦ ጨዋታው መሃል ላይ ማቆሚያ የለውም። ፕሌይስቴሽን ላይ ኳስ የሚጫወት ልጅ ጨዋታውን አቁሞ፣ እራቱን በልቶ መመለስ ይችላል። እዚህ ግን አንዱ ሲወጣ አራቱ ከአምስት ጋር ይቀራሉ። ጥሎ የወጣውም «ክሬዲት ስኮር» ከሚባለው ነጥቡ ይቀነስበታል፤ ነጥቡ ሲወርድ ደረጃ ያለው ጨዋታ መጫወት ይከለከላል። በእኛ አገር ወንፈል ማለት ነው። አምስት ሆናችሁ የአንዱን ማሳ ማጨድ ጀምራችሁ፣ አንዱ ማጭዱን ጥሎ ቢሄድ ምን ትሉታላችሁ? ልጄ «አስከዳሽኝ» ያለው ለዚህ ነበር።

ጥሩ ጎኑ

ነፃነቱ እውነት ነው። ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ መካከለኛ ስልክ ይበቃዋል። ዳታም የሚፈራውን ያህል አይበላም፤ አንድ ጨዋታ ከአንድ ረጅም ቪዲዮ ያነሰ ነው የሚወስደው። ጥቅሉን የሚጨርሰው አፕዴቱ ነውና እሱን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ያለው ልጅ ከሌለው ጋር አብሮ መጫወት ይችላል። በዶታ 2 ሁሉም ጀግኖች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ናቸው። በሞባይል ሌጀንድስ ደግሞ እየተጫወቱ በሚጠራቀም ነጥብ ጀግኖችን ማግኘት ይቻላል። በገንዘብ የሚሸጠው በዋናነት «ስኪን» የሚባለው የጀግናው ልብስ ነው፤ ልብሱ ይበልጡን ለማማር ነው፤ ተጫዋቹን ጎበዝ አያደርገውም።

ሦስተኛ፣ ልጄ ከዚህ ጨዋታ የተማረውን አይቻለሁ። የቡድን ሥራ ሲሰጣቸው ሥራ የሚያከፋፍለው እሱ ነው። «አንተ ይህን ያዝ፣ እኔ ከኋላ አለሁ» ማለትን ያውቅበታል። በሽንፈት መነጫነጩንም ከበፊቱ ቀንሷል።

በውጭው ዓለም ደግሞ ነገሩ ከልጆች ጨዋታነት አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፊሊፒንስ ባስተናገደችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጨዋታዎች ሞባይል ሌጀንድስና ዶታ 2 ሜዳሊያ የሚያሰጡ ውድድሮች ነበሩ። በ2021 የዶታ 2 የዓለም ውድድር ሽልማት ከ40 ሚሊዮን ዶላር በልጧል። ነገር ግን ይህን ሰምታችሁ ልጃችሁን ከትምህርቱ እንዳታስቀሩት! የኳስ ሜዳ ላይ ያለ ልጅ ሁሉ ብሔራዊ ቡድን እንደማይገባ ሁሉ፣ እዚህም ገንዘብ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው።

መጥፎ ጎኑ

መጀመሪያ ጊዜ። ጨዋታው መጨረሻ የለውም። ከ«ዋሪየር» ተነሥቶ እስከ «ሚቲክ» የሚደርስ ደረጃ አለው፤ ልጆቹ «ራንክ» ይሉታል። በየጥቂት ወሩ ወቅቱ ሲያልቅ ደረጃው ዝቅ ይልና ተራራው እንደገና ይወጣል። የተሸነፈ ልጅ «አንድ ብቻ ላካክስ» ይላል፤ ያሸነፈውም «አሁንማ ሞቆኛል» ይላል። ሁለቱም አይነሡም።

ሁለተኛ ገንዘብ። ልብሶቹ የሚገዙት «ዳይመንድ» በሚባል የጨዋታው ገንዘብ ነው። አንዳንዶቹ ዋጋ ተቆርጦላቸው አይሸጡም፤ እንደ ሎተሪ በዕጣ ነው የሚወጡት። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 በጌም ውስጥ በገንዘብ የሚከፈቱ የዕጣ ሳጥኖችን ከቁማር የመደበቻቸው በዚህ ምክንያት ነው። በእኛም ቤት ልጄ በስልኬ ከማስቀምጠው ብር ላይ 450 ብር አውጥቶ ዳይመንድ ገዝቷል። ጥፋቱን ከሁለታችን አላሻገርኩትም። እሱ ሳይጠይቅ ነካ፤ እኔም የሚስጥር ቁጥሬን የልደቱን ቀን አድርጌዋለሁ። ቁጥሩን ቀየርኩ፤ እሱም ብሩን ከኪሱ ገንዘብ በየሳምንቱ መለሰ።

ሦስተኛ አንደበት። ከማያውቋቸው ጋር ሲጫወቱ የሚሰነዘረው ስድብ በእኛ አገር ጆሮ የሚያሳክክ ነው። ሰው የሌላውን ፊት አያይማ! የተሳዳቢውን ጽሑፍና ድምፅ መዝጊያ ቁልፍ አለው፤ ልጆቻችሁ እንዲጠቀሙበት ንገሯቸው።

አራተኛ፣ ያለ ኔትወርክ ምንም ነው። ግንኙነቱ ለሰከንድ ሲንተፋተፍ ጀግናው ይደርቃል፤ ቤቱ በጩኸት ይሞላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ጨዋታው አብሮ ቆመ። ልጄ የመጀመሪያውን ሳምንት ተቁነጠነጠ፤ ከዚያ ከእህቱ ጋር ገበጣ ጀመረ። ያን ጊዜ «ሱስ ይዞታል» የሚለው ፍርሃቴ ትንሽ ቀለለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 «የጌም መታወክ»ን በበሽታዎች ዝርዝሩ ሲያካትት መለኪያው የሰዓት ብዛት አልነበረም። መለኪያው ራስን መቆጣጠር ማቃት፣ ጨዋታው ከሌላው ሕይወት ሁሉ መቅደሙና ጉዳት እያደረሰም መቀጠሉ ነው፤ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር ያህል የታየ ሲሆን። ትምህርቱን የሚማር፣ የሚበላ፣ የሚተኛ፣ ከቤተሰቡ ጋር የሚስቅ ልጅ በሽተኛ አይደለም።

አራቱ እነማን ነበሩ?

አሁን ወደ ቁጭቴ ልመለስ። ተወልጄ ያደግኩት መርሳ ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ ስትወርዱ፣ ሲሪንቃን አልፋችሁ የምታገኟት ሞቃት የፍራፍሬ ከተማ፣ የሀብሩ ወረዳ መቀመጫ ናት። ታላቅ እህቴ እዚያው ትኖራለች። የእሷ ልጅ 19 ዓመቱ ነበር፤ 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት አልመጣለትም።

ስልኩን ከነጠቅኩ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ እህቴ በማለዳ ደወለች። ልጁ ቤት አላደረም። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በአፋር በኩል ሄዷል አሏት። ለሀብሩ እናት ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጅቡቲ፣ ኦቦክ፣ ጀልባ፣ የመን፣ በረሃ፣ ሳዑዲ። ስንቱ ቤት ያወቀው መንገድ ነው። ስልኩ ዝግ ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ልጄን ጨለማ ውስጥ ስልኩን ይዞ አገኘሁት። እየተጫወተ አልነበረም፤ የስሞች ዝርዝር ያያል። «ምን ታያለህ?» አልኩት። «እማ፣ ስሙ ግራጫ ነው። ሲገባ አረንጓዴ ይሆናል» አለኝ። ከአራቱ አንዱ የአክስቱ ልጅ ነበር። ሁለቱ የክፍል ጓደኞቹ ናቸው፤ አራተኛው ደሴ የተዛወረው የጎረቤታችን ልጅ ነው። በየምሽቱ እየተጫወቱ በድምፅ ያወሩ ነበር። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ የቀረውን ነገረኝ። «ሊሄድ እንደሆነ ነግሮኝ ነበር፤ ለማንም እንዳትናገር አለኝ። እሱ ሁሌም ታንክ ነው፤ ‹ቤቱን እኔ ካልያዝኩት ማን ይይዘዋል?› ይላል።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ልጄ ያን ሁሉ ጊዜ ሶፋዬ ላይ፣ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ያን የሚያህል ምስጢር ይዞ ተቀምጦ ነበር። እኔ የምጠይቀው ግን «መቼ ነው የምትጨርሰው?» ብቻ ነበር። «ከማን ጋር ነህ?» ብዬ ብጠይቅ ያወጣው ነበር? አላህ ያውቃል። እህቴ ግን ልጇን ቁጭ አድርጋ የምታናግርበት አንድ ቀን ታገኝ ነበር ይሆናል።

በ41ኛው ቀን፣ ከመግሪብ በኋላ፣ ልጄ ከክፍሉ እየጮኸ ወጣ። ስሙ አረንጓዴ ሆኗል! መልእክቱ አጭር ናት፦ «ደርሻለሁ። እማዬን አብሽሪ በሏት።» ስልኩን በመንገድ ቀምተውታል፤ የማንንም ቁጥር በቃሉ አያውቅም። የሚያውቀው የጨዋታውን መግቢያ ብቻ ነበር፤ በሰው ስልክ ከፍቶ ገባ። መርሳ ደወልኩ። እህቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ድምፅዋ ተቆረጠ።

ይህን የነገርኳችሁ ጌሙን ለማወደስ አይደለም። ልጁ አሁንም ሰው አገር ያለ ወረቀት ነው፤ እህቴም አሁንም በደንብ አትተኛም። የነገርኳችሁ ከስክሪኑ ጀርባ ሰው እንዳለ እንድታውቁ ነው።

በቤታችን ያደረግነው

ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን ሕግ አወጣን። በደቂቃ መቁጠር ተውን፤ በጨዋታ እንቆጥራለን። አንዱ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይፈጃል። በትምህርት ቀን ሁለት፣ በእረፍት ቀን አራት። እራት ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው አዲስ ጨዋታ አይጀመርም፤ እኔም የተጀመረውን አላስቋርጥም። በወሎ ቡና አቦል ጠጥቶ የሚነሣ እንግዳ «ምን አስቀየምነው?» ያሰኛል፤ በረካው ሳይደርስ አይወጣም። ለእነሱም ክብሩን ሰጠኋቸው። ስልኩ ሌሊት ሳሎን ያድራል። ዳይመንድ በእኔ ፈቃድ ብቻ ነው።

አንድ ቀንም አጠገቡ ተቀምጬ ሞከርኩት። በሦስት ደቂቃ አራት ጊዜ ሞትኩ፤ አራቱም ሳቁብኝ፤ ደስ አለኝ። የእህቴ ልጅ ዓርብ ሥራ ሲያርፍ አንዳንዴ ይገባል። ያን ጊዜ ልጄ ይጠራኛል፤ እኔም በድምፁ ሰላም ብዬው ለእናቱ እደውላለሁ።

ውድ አንባብያን፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ «አሁን ማቆም አልችልም» ካላችሁ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡና «ከእነማን ጋር ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ወጡ ቢቀዘቅዝ ይሞቃል።