ሲግል የሚነክስ ሽጉጥ

ሰሞኑን አንድ የልጅነት ወዳጄ በውስጥ መስመር ጥያቄ ላከልኝ። ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃድ የወጣለት አሮጌ ባለ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለው። የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጥይቶች ምንም ሳይል ይተኩሳል። ሁለተኛው ዙር ላይ ቃታው ይከብዳል። ሦስተኛ አራተኛው ጥይት ላይ ሲደርስ ይነክሳል፣ በቃ አልዞርም ይላል። ግማሽ ሰዓት አስቀምጠው ሲያነሱት ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ይሽከረከራል። ብየዳ ቤት የሚሠራ አንድ ልጅ "ከፊቱ ትንሽ ሞረድ ላስነካውና ይለቃል" ብሎታል። "አንተ የፊዚክስ አስተማሪ ነህ፣ ላስሞርደው ወይስ ልተወው?" ነው ጥያቄው።

መልሴ አጭር ነው፦ እንዳታስሞርደው። ምክንያቱ ግን ረዘም ይላል። እንዲህ ያለ የአባት ንብረት ያለበት ቤት ብዙ ስለሆነ፣ ስሙን ሳልጠራ እዚህ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። ጥይቶቹ የሚቀመጡበትን ተሽከርካሪ ክፍል ከበሮ እንበለው። ቃታው በተሳበ ቁጥር ከበሮው አንድ ስድስተኛ ዙር ይዞርና ቀጣዩን ጥይት ከአፈሙዙ ቱቦ ትይዩ ያመጣል። እንዲዞር ታዲያ ከፊት ቱቦውን፣ ከኋላ ደግሞ ግድግዳውን መንካት የለበትም። ደህና በሆነ ሽጉጥ ላይ በከበሮውና በቱቦው መካከል ያለው ክፍተት ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አንድ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ የምናወራው ስለ አንድ ወይም ሁለት ወረቀት ስፋት ነው።

ይህቺ ክፍተት የቆየች ራስ ምታት ናት። ሳሙኤል ኮልት በአሜሪካ በ1836 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ጀምሮ ከበሮ ያለው ሽጉጥ ሁሉ አብሯት ይኖራል። ጠባብ ከሆነች ትነክሳለች፣ ሰፊ ከሆነች እሳትና የእርሳስ ፍንጣሪ በጎን ይወጣባታል። ሩሲያ ጦር የተቀበለው የ1895ቱ ናጋንት ችግሩን በሌላ መንገድ ነው የፈታው። ሊተኮስ ሲል ከበሮው ራሱ ወደፊት ተንሸራቶ ክፍተቱን ይዘጋዋል። ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም፤ ቃታው ለመሳብ ከባድ ሆነ።

አሁን ወደ ስሌቱ። ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል። የአንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በ12 ሚሊዮንኛ ሜትር ገደማ ይረዝማል። የከበሮው ርዝመት 40 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር፦ 40 ሲባዛ በ12 ሚሊዮንኛ ሲባዛ በ100፣ ውጤቱ 0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የግማሽ ወረቀት ውፍረት ማለት ነው። ከበሮውን የያዘው የሽጉጡ አካልም ይለጠጣል እኮ፣ ግን እሳቱ መጀመሪያ የሚያገኘው ከበሮውን ስለሆነ አካሉ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። በዚያ መሀል ክፍተቱ ይጠባል።

ልብ በሉ፣ ሙቀት ብቻውን ጤነኛ ሽጉጥ አያስነክስም። ክፍተቱ 0.15 ከነበረ 0.05 ቢቀነስም ገና አንድ ወረቀት ይቀራል። ችግሩ ሌሎች ነገሮችም ከዚያችው ክፍተት ላይ መቁረሳቸው ነው። በተተኮሰ ቁጥር የባሩድ ጥላሸትና የእርሳስ ቅሪት በከበሮው ፊት ላይ ይጋገራል። የአሮጌ ሽጉጥ ከበሮ ደግሞ ዘንጉ ላይ ስለሚላላ ወደፊትና ወደኋላ ይጫወታል፣ ወደፊት ሲሄድ ክፍተቱን ይበላል። ጥላሸቱ 0.05 ወሰደ፣ መላላቱ 0.05 ወሰደ፣ ሙቀቱ የመጨረሻዋን 0.05 ወሰደ። ዜሮ! ሲቀዘቅዝ የሙቀቱ ድርሻ ይመለሳል፣ ሽጉጡም ይዞራል። ሌሎቹ ሁለቱ ሌቦች ግን እዚያው ተቀምጠዋል።

ሞረዱን የምከለክለው ለዚህ ነው። ሞረድ ጥላሸቱን አያጸዳም፣ የላላውንም አያጠብቅም። የሚበላው ጤነኛውን ብረት ነው። የተበላ ብረት ደግሞ አይመለስም። አንድ ቀን ዋናው ብልሽት ሲስተካከል ክፍተቱ ከልክ በላይ ሰፍቶ እሳቱ በጎን ለቆመ ሰው ይተርፋል። ለላላ ከበሮ መፍትሔው ዘንጉ ላይ በልኩ የተሠራ ስስ ሮንዴላ ማስገባት ነው፤ እሱም ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ ሥራ ነው።

ታዲያ ሌባው የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ባጃጅ የሚነዱ ሰዎች ይህን ችግር ያውቁታል። መንገድ ላይ ሲግል ይጠፋል፣ ተጎትቶ ጋራዥ ሲደርስ ቀዝቅዞ በአንድ ምት ይነሳል፣ መካኒኩም "ምንም የለበትም" ብሎ ይመልስሃል። ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው ይላሉ አበው፤ መመርመሩም እንደጋለ ነው።

ደግነቱ ለዚህ ምርመራ ጥይት መተኮስ አያስፈልግም። ባለሙያው ሽጉጡን ባዶ አድርጎ፣ ባዶ መሆኑንም ደግሞ አይቶ፣ በቀዝቃዛው ወረቀት በክፍተቱ ውስጥ ያሳልፍ። ከዚያ ከበሮውን ለብቻው ፈትቶ የፈላ ውኃ ውስጥ ይንከረው። እኛ ደጋ አገር፣ 2,400 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ብረቱን አይጎዳውም። አድርቆ፣ እንደጋለ መልሶ ገጥሞ ወረቀቱን እንደገና ይሞክር። በቀዝቃዛው ያለፈ ወረቀት አሁን እምቢ ካለ መልሱ ተገኘ። ጥላሸቱን በደንብ አጽድቶ ይድገመው። አሁን ካለፈ ጥፋቱ የጽዳት ነው፤ አሁንም እምቢ ካለ የመላላት ነው። ሲጨርስ ዘይት ይቀባው፣ አለዚያ ይዝጋል። ማሞቂያ ብሎ ከሰል ላይ ማስቀመጥ ግን የብረቱን ጥንካሬ ያበላሻል፤ ያ ከበሮ ከዚያ በኋላ የጥይቱን ግፊት ላይችለው ይችላል።

ወረቀቱ በሙቅም በቀዝቃዛም በደንብ ካለፈ ወደ ኋላ ይዙር። ቀለሁን የሚገፋው ኮከብ መሰል ብረት ሥር አንዲት ያልተቃጠለች የባሩድ ፍሬ ከገባች ጥይቶቹን ወደ ኋላ ትገፋቸውና ከግድግዳው ጋር ታፋጫቸዋለች። የጥርስ ብሩሽ ይበቃታል። ሁሌ በአንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚነክስ ከሆነ ደግሞ ያንን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርግበት። ስድስቱም ላይ የሚነክስና አንዱ ላይ ብቻ የሚነክስ በሽታቸው ለየቅል ነው፤ የአንዱ ብቻ ከሆነ የጎበጠ ዘንግ መጠርጠር ነው።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ለሽጉጡ ብዬ አይደለም።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ እያለሁ፣ በሰፈራችን አንድ ትልቅ ሰው አርፈው ለቅሶ ላይ ተኩስ ነበር። አጎቴ እንዲህ ያለ ሽጉጥ ይዞ ሁለተኛውን ዙር ሲጀምር ነከሰበት። በኀዘንም በእልህም ቃታውን ደጋግሞ ሳበው። እምቢ ሲለው ሽጉጡን ወደ ደረቱ አምጥቶ ከበሮውን በእጁ ለማዞር ታገለ። እሱ ብረቱን እያየ አፈሙዙ የሚያለቅሱትን ሴቶች አንድ በአንድ ይቆጥራቸው ነበር። እናቴ ሦስተኛዋ ነበረች። ሰው ሁሉ "ተበላሽቷል" ብሎ ስላመነ ማንም አልሸሸም።

የቀድሞ ወታደር የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው ቀስ ብለው ከጎኑ መጥተው ክንዱን ይዘው አፈሙዙን ወደ መሬት ያስደፉት። "ይቀዝቅዝ፣ አንተም ቀዝቅዝ" አሉት። ተቀብለውት ከሰው ራቅ ብለው ቆሙ፣ አፈሙዙ ወደ መሬት፣ ጣታቸው ከቃታው ውጪ። ብዙ ቆይተው ከበሮውን ከፈቱት፤ ያለ ትግል ተከፈተ። አራት ያልተተኮሱ ጥይቶች መዳፋቸው ላይ ወደቁ።

እነዚያ አራት ጥይቶች እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፉም። የነከሰ ሽጉጥ የሞተ ሽጉጥ አይደለም። ሲቀዘቅዝ ያችን ግማሽ ወረቀት መልሶ ያገኛል፣ ቃታውም ይሠራል። ያኔ በማን እጅ ነው? አልጋ ላይ ተጥሎ ልጅ ያነሳው ይሆን?

ስለዚህ ወንድሜ፣ እንዲህ አድርግ። ሲነክስ አትታገለው፣ ቃታውንም አትደጋግም። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት መሬት አድርገህ ጣትህን አውጣና እስኪቀዘቅዝ ጠብቅ። ከዚያ አራግፈው፣ ጥይቶቹንም ቁጠራቸው። ቀጥሎ ወደ ባለሙያ ውሰደውና "ሲግል ነው የሚነክሰው" ብለህ ንገረው፤ ቀዝቃዛውን ብቻ አይቶ "ደህና ነው" ቢልህ እሺ ብለህ አትመለስ። ለብየዳ ቤቱ ልጅም አመስግነህ ሞረዱን ለበር ማጠፊያ ያቆየው በለው።

አባትህ ያቆዩልህ ነገር ማስታወሻ ይሁንህ እንጂ ሌላ ለቅሶ አያምጣብህ።

ቸር ሰንብቱ።