ሌሊት የሚሮጠው እንግዳችን

ልጃችን ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ውሻ ለመነችን። ቨርጂኒያ የምንኖርበት አፓርታማ ውሻ ስለማይፈቅድ ሐምስተር ገዛንላት፤ አይጥ የሚመስል ጅራተ አጭር እንስሳ ነው። (እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ፣ “ደግሞ አይጥ በገንዘብ ይገዛል?” ብላ ሳቀችብን።)

ቀን ይተኛል። ሌሊት ግን መሮጫ መንኮራኩሩ ሲንቋቋ ያድራል፤ ባለቤቴ እሑድ ለመስበክ ማልዶ የሚነሣ ሰው ነው። እኅቶቼ፣ አልደብቃችሁም፤ አንድ ቅዳሜ ማታ መንኮራኩሩን አውጥቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ሸሸግሁት።

ጸጥታው አንድ ሌሊት እንኳ አልቆየም። የቤቱን ሽቦ ሲነክስ አደረ፤ በማግስቱም እንዲሁ። ልጄ፣ “እማዬ፣ ምን አድርጎሽ ነው?” አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ወሰድነው። ይህ የሶርያ ሐምስተር የሚባለው ዓይነት ነው፤ በየቤቱ ያሉት አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በ1930 አሌፖ አጠገብ ከተያዙት ጥቂቶች የተዋለዱ ናቸው። ተፈጥሮው መሮጥና መቆፈር ነው፤ በአንድ ሌሊት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ከለከልነው ማለት አሰርነው ማለት ነው። የእኛ መንኮራኩር ደግሞ ጠባብ ስለነበር ጀርባውን ያጎብጠው ነበር፤ እግሩም በዘንጎቹ መካከል ሊሰነቀር ይችላል።

28 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ መሮጫው ድፍን የሆነ፣ ድምፅ የማያሰማ ገዛን። ቤቱንም ወደ ሳሎን አወጣን፤ እንዲቆፍር የወረቀት ንጣፍ በወፍራሙ ጨመርንለት።

አሁን ማታ ማታ ፈልጎ እንዲበላ እህሉን በንጣፉ ውስጥ የሚበትንለት ባለቤቴ ነው።