ቀይ አፈርና ካቴና

የሶዶ አፈር ቀይ ነው። እንግዳ ይህን የሚያውቀው ከጫማው ነው፤ ብስክሌት ያለው ሰው ደግሞ ከካቴናው። በክረምት ጭቃ ሆኖ ይለጠፋል፣ በበጋ አቧራ ሆኖ ይገባል። ቀለሙን የሰጠው ውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ ነው፣ በእኛ ቋንቋ ዝገት። ዝገት ዘመዱን ፍለጋ ይመጣል እላለሁ አንዳንዴ፤ ታናሽ ወንድሜ አይስቅልኝም።

ብስክሌቷ የሱ ናት። ጠዋት ትምህርት ቤት ይሄድባታል፣ ከሰዓት በኋላ ከኋላዋ ሳጥን አስሮ ለሱቆች ዳቦ ያደርስባታል። ደብተሩንም ጫማውንም የሚገዛው በዚያ ገንዘብ ነው። ከተማችን ያለችው ወደ 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ከበላይዋ ደግሞ ወደ 3,000 የሚጠጋው ዳሞታ ቆሟል። እኛ የምንኖረው ተራራው በሚጀምርበት በኩል ስለሆነ ሥራ ማለት ቁልቁለት፣ ቤት ማለት ዳገት ነው። ለዳገቱ ካቴና ያስፈልጋል፣ ለቁልቁለቱ ፍሬን። ዳቦ የጫነ የ16 ዓመት ልጅ እየወረደ ሳለ አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ከፊቱ ቀጥ ቢል፣ ከእነዚህ ከሁለቱ ሌላ ያለው ነገር ሁሉ ጌጥ ነው።

እሱ ግን የሚወደው ላቫጆ ነው። ከባጃጆች ኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ግፊት ያለው ውኃ ይረጭበታል፣ በአምስት ደቂቃ አዲስ መስላ ትወጣለች። ፎቶም ይነሳል። ያ ውኃ ግን ጭቃውን ብቻ አይደለም የሚያወጣው። የጎማው መሃልና የፔዳሉ ሥር ኩሽኔታ አለ፤ ኩሽኔታውን የሚያኖረው ደግሞ ግራሶ ነው። በርካሽ ብስክሌት ላይ ኩሽኔታውን የሚከልለው ነገር ስስ ስለሆነ፣ ውኃው በኃይል ሲመታው ግራሶውን እያጠበ በምትኩ ደቃቅ አፈር ያስገባል። ከውጭ አይታይም። ጎማውን ከመሬት አንስታችሁ በእጅ ስታሽከረክሩት ግን ይሰማል፣ ጥሬ ቡና እንደሚፈጭ ዓይነት ድምፅ።

«አንቺ ደሞ ታበዢዋለሽ» ይለኛል።

ስለዚህ ቤት እናጥባለን። በእኛ ሰፈር ውኃ በየቀኑ አይመጣም፤ ክረምት ከሆነ ከቆርቆሮው የሚወርደውን እናጠራቅማለን፣ ካልሆነ ግማሽ ጀሪካን ይበቃል። መጀመሪያ ካቴናው ነው፣ ያውም ገና ውኃ ሳይነካው፦ ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይዞ ፔዳሉን ወደኋላ ማዞር፣ በየመገጣጠሚያው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መፈተግ። (ከከሰል ምድጃ ራቅ ብሎ፣ ይህን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም ነበር።) ቀሪው አካል ላይ ውኃ ከላይ በጣሳ ማፍሰስና ጭቃው እስኪርስ መጠበቅ፤ የደረቀ ጭቃን መፈተግ ቀለሙን በአሸዋ ወረቀት መፋቅ ነው። ከዚያ ላርጎ። ጨርቁ ሁለት ይሁን። የካቴናው ጨርቅ ቸርኬውን ከነካ ዘይት ተቀባ ማለት ነው፣ ዘይት የተቀባ ቸርኬ ደግሞ ፍሬን አይይዝም። በዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም።

በነገራችን ላይ ካቴና፣ ጎማ፣ ካላማዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬን ራሱ፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የሚፈታባቸው ካቻቪቴም፣ ሲተነፍስ የምንሮጥበት ጎሚስታም። ጭቃው ብቻ ነው የእኛ።

ሰፈር ውስጥ ካቴና ሲደርቅ የሚደረገው ነገር የታወቀ ነው፦ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ማፍሰስ። ነፃ ነው፣ ድምፁንም ወዲያው ያጠፋል። ነገር ግን ዘይቱ ከሞተር የወጣው ጥላሸትና የብረት ብናኝ ስለያዘ ነው፤ ወፍራም በመሆኑም አቧራውን ይሰበስባል። ዘይትና ቀይ አፈር ሲለወሱ ብረት የሚሞርድ ሊጥ ይሆናሉ። እኛ የስፌት መኪና ዘይት ነው የምንጠቀመው፣ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ከላይ የተረፈውን መጥረግ። ቀጭን ስለሆነ በዝናብ ቶሎ ይለቃል፣ ስለዚህ በክረምት ቶሎ ቶሎ መድገም ነው።

ካቴና መሞቱን ለማወቅ የ30 ሳንቲሜትር ማስመሪያ ይበቃል። ከአንድ ፒን መሃል ተነስታችሁ 20 ክፍተት ቁጠሩ። አዲስ ከሆነ 25.4 ሳንቲሜትር ነው። ወደ 25.6 ከተጠጋ አብቅቶለታል፤ ብረቱ ተስቦ ሳይሆን ፒኖቹ ከነመቀመጫቸው ተበልተው ነው የረዘመው። ያረጀ ካቴና ዝም ብሎ አያረጅም፣ የማርሹን ጥርስ ከፊትም ከኋላም እየበላ ነው፤ ያኔ የአንዱ ዕቃ ወጪ የሦስት ይሆናል። የኛ 25.5 ላይ ናት። ወንድሜ ከዳቦው ገንዘብ ማስቀመጥ ጀምሯል፣ ማስመሪያውን ያመነው ከእኔ ይበልጥ ነው።

ቅዳሜ ዕለት የፍሬኑን ላስቲኮች አወጣን። ውስጣቸው የተቀረቀረውን ጠጠር በመርፌ ለቀምን፤ ቸርኬውን የሚቦረቡረው እሱ ነው። የፊቱ ፍሬን ሽቦ ጫፉ ላይ ሁለት ክር ተበጥሶ ነበር። የሽቦ ነገር ቀስ በቀስ አይደለም፣ ጥቂት ክር ሲቀረው አንዴ ጥብቅ አድርገህ ስትይዘው ይሄዳል፣ ጥብቅ አድርገህ የምትይዘው ደግሞ ሲቸግርህ ነው። ገበያ ሄዶ ገዛ፣ ቀየርነው።

ሳጥኑን ባዶውን አስሮ ወረደ። እኔ ከላይ ቆሜ አያለሁ። መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ያዘው፤ ቆመች። ከዚያ ሽቅብ እየገፋ፣ እያለከለከ ተመለሰና ቸርኬው ላይ የቀረችውን ትንሽ ጭቃ በጣቱ ነካ አድርጎ አሳየኝ።

«ላቫጆ ቢሆን ይቺን አይተዋትም ነበር» አለኝ።